የአደን ወቅቱ ሊያበቃ ሲል አጋዘንን በድምፅ መጥራት፦ ዝርዝር መመሪያ

በዲሴምበር መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ጫካ ውስጥ በሕይወት ያለ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ብዙ ያየ እንስሳ ነው። ከመከር መጀመሪያ አንሥቶ የቀስተኛ ሽታ አሽትቷል፤ በኖቬምበር ተኩስ አስደንብሮታል፤ የአጋዘን ድምፅ የሚያስመስል ቱቦ የሚነፋውና ወንዴዎች የሚዋጉ ለማስመሰል ቀንድ የሚያጋጨው አዳኝ ሁሉ ጆሮውን ሲያደነቁረው ከርሟል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት እየሮጠ ይመጣበት የነበረውን ድምፅ አሁን ሲሰማ ዞሮ ይሄዳል፤ ወይም ከቆመበት ሳይነቃነቅ ነፋሱ ወሬ እስኪያመጣለት ይጠብቃል።

ስለዚህም «ከእንግዲህ ጥሪ ዋጋ የለውም» ብለው ቱቦአቸውን መሳቢያ ውስጥ የሚወረውሩ አዳኞች ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። አጋዘን በብርዱ ወራትም ከዘመዶቹ ጋር ድምፅ ይለዋወጣል፤ ሴቴዋ ግልገሏን ትጠራለች፣ ጎረምሳው መንጋውን ፍለጋ ያጉረመርማል። ችግሩ አዳኙ በኖቬምበር የተማረውን ጩኸት በጃንዋሪም መድገሙ ነው። በዚህ ጊዜ ጥሪ አጋዘን ፍለጋ የሚለቀቅ አዋጅ አይደለም። የት እንደሚተኛና የት እንደሚበላ አስቀድሞ የታወቀ አጋዘን የጎደለችውን የመጨረሻ ሃምሳ ሜትር እንዲራመድ የሚረዳ ትንሽ ግፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

1. የአካባቢዎን የስሪያ ጊዜ ይወቁ

በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍልና በደቡባዊ ካናዳ አብዛኞቹ ሴቴዎች የሚጠቁት በኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ያላረገዘች ሴቴ 28 ቀን ያህል ቆይታ እንደገና ወንድ ትፈልጋለች፤ ይህም ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ይውላል። ፍላጎቷ የሚቆየው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። አዳኞች «ሁለተኛው ዙር» የሚሉት ይህንኑ ሲሆን፣ ስሙ ከነገሩ ይገዝፋል። በኖቬምበር እንደሚሆነው ጫካው ሁሉ አይታመስም። አንዲት ሴቴ በአንድ ጥሻ ውስጥ ለአንድ ቀን ትፈልጋለች፤ ጥቂት ወንዴዎች ይከተሏታል፤ በቃ። ያን ዕለት እዚያ የተገኘ አዳኝ ይጠቀማል፤ ከሸንተረሩ ማዶ የተቀመጠው ደግሞ ምንም ሳያይ ይመለሳል።

ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚጣልባቸው በዚያው ዓመት የተወለዱ ሴት ግልገሎች ናቸው። እንደ አዮዋና ኢሊኖይ ባሉ በቆሎና አኩሪ አተር በሚበዛባቸው ግዛቶች፣ ክብደቷ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ግራም የደረሰች ግልገል በመጀመሪያው የብርድ ወቅቷ፣ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ፣ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። መኖ በሚጠብባቸው የሰሜን ደኖች ይህ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በእርሻ አካባቢ የሚያድን ሰው የስሪያ ጥሪ በኪሱ መያዙ ተገቢ ነው፤ በሜይን ወይም በሰሜናዊ ሚኒሶታ ደን ውስጥ የሚያድን ግን ልቡን በመኖና በመንጋ ድምፅ ላይ ቢጥል ይሻላል።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ የቀን መቁጠሪያው ይገለበጣል። በደቡብ ቴክሳስ ስሪያው የሚደምቀው በዲሴምበር ነው፤ በአላባማ ብዙ አካባቢዎች ደግሞ እስከ ጃንዋሪ ይዘገያል። እዚያ «የወቅቱ ማብቂያ» ማለት የወንዴዎች ዋነኛ ሩጫ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በታች ስለ ዝግታና ስለ ቁጥብነት የምለው ግማሹ ለእነዚያ አካባቢዎች አይሠራም። የግዛትዎ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የስሪያውን ጊዜ ሊነግርዎት ይችላል፤ ባለሙያዎቹ የሞቱ ሴቴዎችን ሽል ለክተው፣ እርግዝናው 200 ቀን ያህል እንደሚወስድ ስለሚያውቁ፣ የተጸነሰበትን ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ያገኙታል። በዓይንም የሚታይ ምልክት አለ። ኦክቶበር ገብቶ ገና ነጠብጣቡ ያልጠፋ ግልገል ካዩ፣ እናቱ የተጠቃችው በጣም ዘግይታ ነው።

2. ደንቡን ያንብቡ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ መዝለል ግን አይቻልም። ወቅቱ የሚዘጋበት ቀን ከግዛት ግዛት እጅግ ይለያያል። ሚሺጋን ለረጅም ዓመታት ዋናውን የጠመንጃ አደን ከኖቬምበር 15 እስከ 30 ስታካሂድ ኖራለች፤ ኦሃዮ ቀስተኞችን እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ትፈቅዳለች። በዲሴምበር በብዙ ቦታ የሚፈቀደው ቀስት ወይም በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ብቻ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ለአጋዘን አደን በብዙ ግዛቶች የተከለከለ ስለሆነ፣ በትንፋሽና በእጅ በሚሠሩት ላይ መወሰን ይሻላል። የአጋዘን ሽንት ለማባበያ መርጨትም፣ አጋዘንን የሚያመነምነው ገዳይ የአንጎል በሽታ እንዳይዛመት በሚል፣ በአንዳንድ ግዛቶች ክልክል ነው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ላክል። የአጋዘን ድምፅ በደንብ ማውጣት የቻለ ሰው ሌላ አዳኝንም ያታልላል። በሕዝብ የአደን ቦታ ላይ ሲሆኑ ከጀርባዎ ከትከሻዎ የሚሰፋ ግንድ ያድርጉ፤ የደንቡን ብርቱካናማ ልብስ ይልበሱ፤ ለማጋጨት የያዙትን ቀንድ ሲጓዙ በከረጢት ይሸፍኑ። ሰው ሲመጣ ካዩ በእጅዎ አያመልክቱ፤ በሰው ድምፅ ጮክ ብለው ይናገሩ።

3. መጀመሪያ መኖውን፣ ቀጥሎ መኝታውን ያግኙ

ወንዴው አጋዘን ስሪያው ሲያልቅ ከሰውነቱ ክብደት አምስተኛውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አጥቷል። ብርዱ ሳያልቅ መሞላት አለበት። ስለዚህ ያልታጨደ በቆሎ፣ የረገፈ አኩሪ አተር፣ የብርድ ወቅት ስንዴ፣ በበረዶው ሥር ገና ያልበሰበሰ የኦክ ፍሬ፣ እርሻ በሌለበትም የለጋ ቁጥቋጦ ጫፍ ይስበዋል። መኝታው ከነፋስ የሚከለክል ጥድ የበዛበት ጥሻ ወይም ቀን ፀሐይ የምትመታው ወደ ደቡብ ያዘነበለ ተዳፋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በብርዱ ወራት አጭር ነው፤ አጋዘን ጉልበቱን በከንቱ አይበትንም።

በረዶ ካለ ሥራው ይቀላል። ከማሳው ወደ ጥሻው የሚወስደውን ዱካ፣ ገና ያልደረቀ በጠጥ የተበተነበትን ቦታ፣ የተኛበት ሰውነት አቅልጦ የተወውን ሞላላ ጉድጓድ ይፈልጉ። ይህን በእኩለ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሩቅ ዞረው ያድርጉት። መኝታው ውስጥ ገብቶ አጋዘኑን ያስነሣ ሰው የዚያን ሳምንት ጥሪ ራሱ አበላሽቷል።

የሚቀመጡበት ቦታ ከመኝታው ወደ መኖው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ መኝታው ቀረብ ያለ ይሁን። አንጋፋ ወንዴ ማሳ ላይ የሚደርሰው ከጨለመ በኋላ ነው፤ ብርሃን ሳለ የሚገኘው ገና ጥሻው ጠርዝ ላይ እየተጠራጠረ ሲቆም ነው። ጥሪ የሚጠቅመውም እዚያ ነው።

4. መሣሪያው

አራት ነገር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ኪስ ያከብዳል።

አንደኛው አፍ ላይ የሚነፋ የማጉረምረሚያ ቱቦ ነው። ድምፁን የሚሰጠው ውስጡ ያለ ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ ነው። ምላሱ ላይ የተጠለቀችውን የጎማ ቀለበት ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ከጎረምሳ እስከ አንጋፋ፣ ከዚያም እስከ ሴቴና ግልገል ያሉ ድምፆችን ማውጣት ይቻላል። የሚንቀሳቀሰው የምላስ ክፍል ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። በወቅቱ ማብቂያ ቱቦውን በአንጋፋውና በጎረምሳው መካከል ባለ ድምፅ ላይ እንዲያስተካክሉት እመክራለሁ፤ የደከመ ወንዴ ለኃይለኛ ባላጋራ ድምፅ ብዙ ጊዜ ቦታ ይለቃል።

ሁለተኛው ሲገለበጥ የሴቴ ጥሪ የሚያሰማ ትንሽ ጣሳ ነው። እስትንፋስ ስለማይገባው አይበርድበትም፤ ድምፁም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጉድለቱም ይኸው ነው፤ ጫካው ውስጥ ያለው አዳኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣሳ ሲገለብጥ ስለከረመ አጋዘኑ ያንኑ ድምፅ መቶ ጊዜ ሰምቶት ይሆናል። ቀዳዳውን በአውራ ጣት ግማሽ ሸፍኖ መገልበጥ ድምፁን ያለሰልሰዋል።

ሦስተኛው ለማጋጨት የሚሆን ትንሽ የቀንድ ጥንድ ወይም እንጨት የታጨቀበት ከረጢት፣ አራተኛው የሩቅ ማያ መነጽር ነው። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል መነጽሩን እመርጣለሁ፤ አጋዘኑን ከጥሪው በፊት ማየት የግማሽ ሥራ ነው።

ብርድ ቱቦን ይገድላል። ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ምላሱ ላይ ይቀዘቅዝና ቱቦው በወሳኙ ሰዓት ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እንደ ዳክዬ ይጮኻል። ስለዚህ ቱቦው ከውጭው ካፖርት በታች፣ ከሰውነት አጠገብ ይዋል። ከነፉበት በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍተው እጅዎ ላይ መታ መታ ያድርጉት። ከመንፋትዎ በፊት ደግሞ በመዳፍዎ ውስጥ ትንሽ ያሙቁት። ትንፋሹ ከጉንጭ ሳይሆን ከደረት ይውጣ፤ መስታወት ለማጽዳት «ሃ» እንደምንለው።

5. ድምፆቹንና ትርጉማቸውን ይለዩ

የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ የባለ ነጭ ጅራት አጋዘንን ድምፆች ሲመዘግቡ ከአሥር የሚበልጡ ዓይነቶች ለይተዋል። ለወቅቱ ማብቂያ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው።

የመገናኛ ጉርምርምታ፦ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ከግማሽ ሰከንድ የማይበልጥ፣ ለስላሳ ድምፅ። «እዚህ ነኝ፤ አንተስ?» እንደ ማለት ነው። ወንዴዎች ከስሪያ በኋላ እንደገና በኅብረት መዋል ሲጀምሩ፣ ሴቴዎችም መንጋቸውን ይዘው ሲሄዱ ይጠቀሙበታል። በዚህ ወቅት አንድ ድምፅ ብቻ ይፈቀድልዎታል ብባል ይህን እመርጣለሁ። የሚያስቆጣም የሚያስፈራም ነገር የለውም።

የሴቴና የግልገል ጥሪ፦ እንደ ፍየል ግልገል «ሜ» የሚል አጭር ድምፅ። በብርዱ ወራት ሴቴዎች ከእናት፣ ከሴት ልጅና ከግልገል በተዋቀረ መንጋ ስለሚውሉ፣ ተራ የመንጋ ወሬ ይመስላቸዋል። ሴቴ ለማደን የወጣ ሰው ዋና መሣሪያው ይህ ነው። ግልገሉ የተያዘ ይመስል በጭንቀት ማስጮህ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ድምፅ በሙቀቱ ወራት እናቶችን ያስሮጣል፣ በጃንዋሪ ከእናት ይልቅ ቀበሮ መሰሉን ኮዮቴ ሊያመጣ ይችላል።

ወንድ የምትፈልግ ሴቴ ጥሪ፦ ረዘም ያለ፣ ከአንድ ሰከንድ የሚያልፍ፣ መጨረሻው ላይ የሚወርድ «ሜኧኧ»። ለሁለተኛው ዙር ቀናትና ለደቡቡ አካባቢ ይቆይ።

የተከታይ ጉርምርምታ፦ ወንዴው ሴቴዋን እየተከተለ በየእርምጃው የሚያሰማው ተከታታይ አጫጭር ድምፅ። ሌላ ወንዴ ሲሰማው «እዚያ ሴቴ አለች» ይላል። ከላይኛው ጥሪ ጋር አብሮ ሲሰማ ያሳምናል፤ በተመሳሳይ ቀናት ብቻ።

በአፍንጫ የሚወጣው የቁጣ ድምፅ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «ፍት፣ ፍት» ብሎ ረዥም «ፍሽሽ» የሚለው፣ በበላይ ወንዴዎች መካከል ያለ የጠብ ቃል ነው። በጃንዋሪ ከአሥር ወንዴዎች ስንቱ ለጠብ ጉልበት እንደተረፈው ያስቡና ይተዉት። ከሴቴ ጎን ቆሞ ሌላውን ሲያባርር በዓይንዎ ያዩት ወንዴ ካለ ብቻ ይሞክሩት።

አንዱን ድንገተኛ «ፉር» ደግሞ እርስዎ አያሰሙትም፤ ይሰሙታል። ከአፍንጫው በኃይል የሚወጣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው። ሽታዎን አግኝቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነፋ ቱቦ ሁሉ ለሌሎቹ አጋዘኖች የእርስዎን መቀመጫ ማስተዋወቅ ነው።

ልምምድ ቤት ውስጥ ይደረጋል እንጂ ዛፍ ላይ በሚታሰረው የአዳኝ ማማ ላይ አይደለም። የእውነተኛ አጋዘን ቅጂዎችን ያዳምጡ። ስልክዎን ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠው ራስዎን ይቅዱ። ከቅርብ የሚያምረው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ መለከት ሆኖ ማግኘት ያሳፍራል፤ ያሳፈረው ቤት ውስጥ መሆኑ ግን ደግ ነው።

6. ነፋሱን አስቀድመው አቀማመጥዎን ያስተካክሉ

የተጠራ አጋዘን በቀጥታ አይመጣም። ድምፁ የመጣበትን ቦታ በአፍንጫው ለማረጋገጥ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ይዞራል። ይህ በማንኛውም ወር እውነት ነው፤ በወቅቱ ማብቂያ ግን ያለማቋረጥ እውነት ነው። ስለዚህ አቀማመጡ የሚታሰበው አጋዘኑ አሁን ካለበት ቦታ ሳይሆን ሊዞርበት ከሚችለው ቦታ ተነሥቶ ነው። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አጋዘን የማይሄድበት ነገር፣ ገደል፣ ያልቀዘቀዘ ወንዝ፣ የተጋለጠ ሜዳ፣ እንዲኖር ይምረጡ። እንዲህ ያለ ቦታ ካጡ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ቢዞር እንኳ ሽታዎ ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲያዩትና ከመምቻ ርቀትዎ ውስጥ እንዲሆን ሜዳውን ይምረጡ።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሽታዎን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሰው ከግርጌው ባለው ሸለቆ የሚመጣውን አጋዘን በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊያጣው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር ዓይን ነው። አጋዘን ድምፅ ሲሰማ ድምፁን ያሰማውን አጋዘን ማየት ይጠብቃል። ቅጠሉ በረገፈ ጫካ ውስጥ መቶ ሜትር ጥርት ብሎ እየታየ ድምፅ ሰምቶ ምንም ካላየ ነገሩ አይጥመውም። ስለዚህ ከእርስዎና ከእሱ መካከል ዓይን የሚጋርድ ነገር ይኑር፦ የሸንተረር ጫፍ፣ የቆመ በቆሎ፣ የወደቀ ዛፍ፣ ጥድ። ለማየት ሲል ጥቂት እርምጃ መራመድ አለበት፤ የሚፈልጉትም እሱን እርምጃ ነው።

ማማ ላይ ከሆኑ ከመሬት ሲነሡ ጀምሮ እስኪወርዱ የደኅንነት ቀበቶው ከዛፉ ጋር ታስሮ ይቆይ፤ በረዶ የያዘ መወጣጫ ያንሸራትታል። ከእግርዎ ሥር ያለውን ደረቅ ቅጠልና ላዩ የጠጠረ በረዶ አስቀድመው ያጽዱ።

7. ጥሪው ራሱ

ከተቀመጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዝም ይበሉ። ሲገቡ ያነሡት ኮሽታ ሁሉ መረሳት አለበት።

ጥሩው ጥሪ ለሚታይ አጋዘን የሚደረገው ነው። አንድ ወንዴ ከ80 ሜትር ርቀት በጥሻው ጠርዝ እየሄደ ነው እንበል፤ አካሄዱ ከእርስዎ ፊት ለፊት አሳልፎ የሚወስደው ነው። ጭንቅላቱ ወደ እርስዎ ዞሮ ሳለ አይጥሩ። ከግንድ ኋላ እስኪያልፍ ወይም አንገቱን ዝቅ አድርጎ መልቀም እስኪጀምር ይጠብቁ። የቱቦውን አፍ ወደ መሬት ወይም ወደ ጎን አዙረው፣ በመዳፍዎ ግማሽ ሸፍነው፣ አንድ የመገናኛ ጉርምርምታ ያሰሙ። አንድ ብቻ። ከሚያስፈልገው በታች ለስላሳ ይሁን፤ ቅጠል በሌለበት፣ ነፋስ በማይነፍስበት የብርድ ማለዳ ድምፅ ካሰቡት በላይ ይርቃል፤ አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ ሲኖር ደግሞ ይታፈናል።

አሁን ጆሮውን ይመልከቱ። የአጋዘን ሁለት ጆሮዎች ለየብቻቸው ይዞራሉ። እየበላ፣ ጭንቅላቱን ሳያነሣ፣ አንዱ ጆሮ ወደ እርስዎ ዞሮ ከቆመ ሰምቷል። መራመዱን አቁሞ አንገቱን ካነሣም ሰምቷል። ሰማ ማለት የእርስዎ ተራ አለቀ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አጋዘኑ ቆሞ ሲያይ «ላረጋግጥለት» ብሎ ይደግማል፤ አጋዘኑም ድምፁ የወጣበትን ግንድ ለይቶ ያውቃል። ምንም ምልክት ካላሳየ ብቻ፣ ጥቂት ቆይተው፣ በትንሹ ጎላ አድርገው ይድገሙት።

ከዚያ ሰውነቱ ይነግርዎታል። ጅራቱን ወደ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጎ መልሶ መብላት ከጀመረ ተረጋግቷል፤ ምናልባት በራሱ ጊዜ ይመጣል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ጸጉሩን አቁሞ ጎኑን እያሳየ ከመጣ ጠብ ፈልጓል፤ አትንኩት፣ ይምጣ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚበላ መስሎ ድንገት ቀና ካለ ሊያጠምድዎት ነው፤ በዚያች ሰከንድ የተንቀሳቀሰ እጅ የቀኑ መጨረሻ ነው። የፊት እግሩን መሬት ላይ ከመታ ተጠራጥሯል፤ ዓይንዎን ሳይቀር ቁልቁል አድርገው እንደ ጉቶ ይቀመጡ። ጅራቱ ነጩን አሳይቶ ከተነሣ ሄዷል።

መምጣት ጀምሮ መሃል ላይ ቢቆምስ? ዝም። አስር ደቂቃ ቢቆምም ዝም። መልሶ ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ሲጀምር፣ ሲሄድ ብቻ፣ አንድ ለስላሳ የሴቴ «ሜ» ያሰሙ። አጋዘኑ እየሄደ ሳለ የሚያጡት ነገር ስለሌለ ይህ ቁማር ዋጋው አነስተኛ ነው።

ምንም በማይታይበት ጊዜ መጥራትን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው፦ በተቻለ መጠን አይጥሩ። ጥሻው ከማየት የሚከለክልና አጋዘን በቅርብ እንደሚተኛ በእርግጥ የሚያውቁበት ቦታ ከሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ለስላሳ የመገናኛ ድምፅ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዝምታ። በየአሥር ደቂቃው የሚነፋ ቱቦ እንኳን አጋዘን፣ ሽኮኮም ይሰለቸዋል። ከጠሩ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ነፋሱ የሚሄድበትን በኩል እየቃኙ ያሳልፉ፤ ብዙዎቹ ሳያስታውቁ በዚያ ይመጣሉ።

8. ቀንድ ማጋጨት

በ1990ዎቹ በደቡብ ቴክሳስ በተደረገ የታወቀ ጥናት ቀንድ 171 ጊዜ ተጋጭቶ 111 ወንዴዎች ምላሽ ሰጥተዋል። ጮክ ያለው ግጭት ከለስላሳው የበለጠ ስቧል። ለእኔ ግን ከዚህ ቁጥር የሚበልጠው ሌላው ግኝት ነው፤ ከፍ ያለ ማማ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ካያቸው ወንዴዎች ብዙዎቹን መሬት ላይ ሆኖ የሚያጋጨው ሰው ጨርሶ አላያቸውም። መጥተው፣ አይተው ወይም አሽትተው ሄደዋል።

ያ ጥናት የተደረገው ወንዴዎች ብዙ በሆኑበትና ብዙ ባልታደኑበት ቦታ ስለሆነ ወደ ሰሜን ጃንዋሪ በቀጥታ አይተላለፍም። በሰሜኑ ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ ወንዴዎች ቀንዳቸውን መጣል ይጀምራሉ፤ የተቀሩትም የቆሰሉና የደከሙ ናቸው። እዚያ የሚሠራው የጎረምሶች ጨዋታ የሚመስል ነው፦ የቀንዶቹን ጫፍ ብቻ ነካ ነካ፣ ለሃያ ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ አንድ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ዝምታ። በደቡብ ቴክሳስ ወይም በአላባማ ስሪያው ደምቆ ሳለ ከሆኑ ግን ይለቀቁ፤ ቁጥቋጦ ይስበሩ፣ መሬት ይምቱ፣ ቀንዱን አጥብቀው ያጋጩ፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ጓደኛዎ ያጋጭ፣ እርስዎ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ወርደው ይቀመጡ።

9. ሲቀርብ

የሚራመድን አጋዘን ለማስቆም በአፍ «ሜ» ማለት የተለመደ ነው። በወቅቱ ማብቂያ፣ በተለይ ለቀስተኛ፣ ይህን አልወደውም። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ፈጣን ፍላጻ 90 ገደማ ቢሄድ ነው። በ30 ሜትር ርቀት የአውታሩ ድምፅ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ ፍላጻው ሲሶ ሰከንድ ይፈጅበታል። ቀድሞውኑ በ«ሜ» የነቃ አጋዘን በዚያ ልዩነት ለመሸሽ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ፍላጻው ከላዩ ያልፋል ወይም ያልታሰበ ቦታ ያቆስለዋል። በዝግታ የሚሄድ ከሆነ ሳያስቆሙ ይምቱ፤ ፈጥኖ የሚሄድ ከሆነ ይለፍ። ርቀትዎንም በኖቬምበር ከሚቀበሉት ያሳጥሩት፤ በወፍራም ልብስና በደነዘዘ ጣት ማንም ቀስቱን እንደ ሙቀቱ ወራት አይስብም።

ሴቴ ብቻ እንዲገድሉ የሚፈቅድ ፈቃድ ከያዙ ግንባሩን በመነጽር ይመልከቱ። ቀንዱን የጣለ ወንዴ ከሩቅ ሴቴ ይመስላል፤ ቀንዱ በነበረበት ቦታ ሁለት ክብ ጠባሳ ካዩ ወንዴ ነው። አንዳንድ ግዛት እንደ ሴቴ ይቆጥረዋል፤ እርስዎ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሊያዩት የሚፈልጉት ያ ሊሆን ይችላል።

10. ካልመጣ

አንድ አጋዘን ጥሪዎን ሰምቶ በሰላም ከሄደ ቦታው አልተበላሸም፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያለ ድምፅ ተመልሰው እዚያው መቀመጥ ይችላሉ። «ፉር» ብሎ ከሸሸ ግን ሌላ ዛፍ ይፈልጉ፤ በብርዱ ወራት ያንን ቦታ እየዞረ ማለፍ አይከብደውም።

ሲመሽ አጋዘኖች ማሳው ላይ ከሆኑ ወዲያው አይውረዱ። ጨልሞ እስኪርቁ ይጠብቁ፤ ወይም መኪና ያለው ጓደኛ ወደ ማሳው ቀረብ ብሎ ያባርራቸው፤ ለመኪና የሸሸ አጋዘን ማማውን አያውቅም። ቤት ሲገቡ ቱቦውን ፈትተው ምላሱን ያድርቁ፤ ጎማ ቀለበቷ የነበረችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይግጠሙት፤ ጠዋት በጨለማ ከተገጠመ ቱቦ የሚወጣው የማን ድምፅ እንደሆነ አይታወቅም።